የስድስተኛው ዘፈን አዝማች

እናቴ የኩሽናውን በር ዘጋች፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ከዚያ ዞር ብላ «እስቲ ዝፈን» አለችኝ። እስከ ክንዷ ድረስ የሳሙና አረፋ ለብሳለች። አጎቴ፣ ታናሽ ወንድሟ ማለት ነው፣ የባንዱም ጊታሪስት እሱ ነው፣ ፍሪጁን ተደግፎ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። እኔ የመጣሁት የፍሪጁን በር ጎማ ልቀይር ነበር። ሥራዬ እሱ ነው፤ ፍሪጅ እጠግናለሁ። እናቴም በስልክ ያለችኝ «በሩ አልገጥም አለኝ፣ ሥራ ሳትገባ ብቅ በል» ነው። በሩን ሳየው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም አምና ራሴ የቀየርኩት ጎማ ገና አላረጀም። በዚያ ቤት የእኔ መዝፈን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከመሽናት እኩል ነውር መሆኑን ከእናቴ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ራሷ በር ዘግታ፣ ውኃ ለቃ፣ ዝፈን ትለኛለች። ከሁለቱ አንዳቸውን ሳያማቸው አልቀረም ብዬ ነበር።

«ምን ልዝፈን?» አልኳት።

«ስድስተኛውን፣ አዝማቹን» አለ አጎቴ በሷ ፈንታ። «ደግሞ እንዳታንሾካሹክ። እንደሱ አድርገህ።»

«እሱ» ከግድግዳው ወዲያ፣ መኝታ ቤት፣ ጭንቅላቱ ላይ ፎጣ ጥሎ የፈላ ውኃ እንፋሎት እየታጠነ ነው። ሳሉ እስከዚህ ይሰማል። አባቴ ዘፋኝ ነው፤ ሰዉ ያወጣለት ስም ነጎድጓዱ ነው። በጉብዝናው ጊዜ ከነባንዱ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ያስጮኸ ሰው ነው፤ ያ ሕዝብ ዛሬ ፀጉሩ አልቆ፣ ጉልበቱን እያሸ፣ የልጅ ልጁን አስከትሎ ይመጣል። ባንዱ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አንድ አልበም እየሠራ ነው። የመጨረሻው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። ሌሎቹ ዘፈኖች አልቀዋል። የቀረው ስድስተኛው ነው፤ እሱም ቢሆን የቀረችው አዝማቹ ላይ ያለች አንዲት ቦታ ናት። «ከተማው ቢመሽም፣ እኔ አልመሽም ገና» ይላል። «ገና» ላይ ድምፁ ሽቅብ ይወጣና እዚያው ላይ ቆሞ ይቆያል። የአባቴ ድምፅ አልወጣ አለ። ዘፈኑን ትንሽ ዝቅ አድርገን እንጫወተው ሲሉት «ዝቅ የምትሉ ከሆነ ዝቅ ያለ ሰው ፈልጉ» ብሎ ማዳመጫውን ወርውሮ ወጥቷል። ብርጭቆ ላይ ነው ያረፈው፤ የብርጭቆውን ዋጋ አጎቴ ከፈለ።

ዘፈንኩ። ሳህኖቹን እያየሁ ነው የዘፈንኩት፤ ሰው እያየሁ መዝፈን ድሮ ረስቻለሁ። ቀን ቀን ሰው በሌለበት ቤት ፍሪጅ ስፈታ፣ ወይም መኪናዬ ውስጥ መስኮት ዘግቼ፣ እዘፍናለሁ እንጂ በሰው ፊት አልዘፍንም። «ገና» ላይ ስደርስ ድምፁ ያለ ምንም ችግር ወጣ፤ ቧንቧው ከሥሩ ቀረ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እናቴ ቧንቧውን ዘጋችና፣ አባቴ ሲስል ሰምታ፣ ደንግጣ እንደገና ከፈተችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲቀረጽ የራሱን ድምፅ አይሰማም። የድሮ ልማዱ ነው፤ ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ደጋግሞ ይዘፍናል፣ ይደክመዋል፣ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ይሆናል፤ ምረጡ» ብሎ ይወጣል። ዘፈኑ ተቀናብሮ፣ ተቀምሮ፣ ካለቀ በኋላ ነው መጥቶ የሚሰማው። ሊጥ አይቀመስም ይላል። ስድስተኛውን ዘፈን ሳምንቱን ሙሉ ሲዘፍነው ሰነበተ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሊሰማ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን አንዱም አልሆነም። ይህን ሊነግረው የደፈረ የለም። የኔና የሱ ድምፅ ደግሞ አንድ ነው። በስልክ ሃሎ ስል ጓደኞቹ እሱ መስያቸው፣ ሰላምታ ሳያስጨርሱኝ ለእኔ ቀጠሮ ይይዙልኛል። ስለዚህ ያቺን አዝማች እኔ ልዘፍናት፣ እሱ ሳያውቅ በሱ ድምፅ ላይ ልትቀጠል ነው። አጎቴ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እንደ ሌባ ድምፁን ቀንሶ ነው፤ ሲጨርስም ፍሪጁን ከፈተ፣ ምንም ሳይወስድ ዘጋው።

አስራ ስድስት ዓመቴ ላይ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ወጥቼ የአባቴን ዘፈን ዘፍኜ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰምቶኛል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጎረምሳ ሲሆን ድምፁ የማይሰነጠቅ ልጅ የለም፤ እንጀራው ድምፅ የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ማወቅ ነበረበት። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ «ድምፅ የለህም። ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ስትዘፍን እንዳልሰማህ» አለኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ስናወራ የምናወራው ስለ ፍሪጅ ነው። አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፤ ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ከአፉ መስማት እፈልጋለሁ፤ ድምፅ አለህ እንዲለኝ። እንዲህ ሲነገር የልጅ ነገር ይመስላል። ይምሰል።

«እሺ» አልኩት አጎቴን። «ግን ጋሼ፣ ትነግረዋለህ።»

«ምኑን?»

«እኔ መሆኔን። ሰምቶ ከወደደው በኋላ።»

አጎቴ እናቴን አያት፤ እናቴ ሳህኖቹን አየች። «ከወደደው እነግረዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «እናትህ ቆማ ነው ቃል የገባሁልህ።»  እናቴ ከዚህ በኋላ አባቴን የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ልትወስደው ነው፤ እስክንጨርስ ከስቱዲዮ የሚያርቀውም እሱ ነው። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ከአባቴ ጋር ተገጣጠምን። ፊቱ ከእንፋሎቱ ቀልቷል፣ ፎጣው አንገቱ ላይ ነው። «ጎማው ተቀየረ?» አለኝ። «ተቀየረ» አልኩት። «ጎሽ» ብሎ አልፎኝ ሄደ። የዚያ ወር ረጅሙ ወሬያችን እሱ ነበር።

ስቱዲዮው ከአንድ የጫማ መደብር ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ስትወርድ ከላይ የቆዳና የማጣበቂያ ሽታ ይከተልሃል። ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል በስፖንጅ ተለብጧል፤ ሰው ሲናገር ድምፁ ከአፉ ሳይርቅ ይሞታል። የአንድ ሰዓት ኪራዩ እኔ አንድ ሙሉ ፍሪጅ ፈትቼ፣ ጋዝ ሞልቼ፣ መልሼ ገጥሜ የማገኘውን ያህል ነው፤ ውኃ እንኳ ከላይ ካለው ሱቅ በእጥፍ ይሸጣል። ቀራጩ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ወር ሙሉ ፀሐይ ያላየ የሚመስል ሰው ነው። የመጣሁበትን ያውቃል፤ አልገረመውም። «ያላየሁት የለም» አለኝ ማይኩን ወደ ቁመቴ እያስተካከለ፤ «ባለፈው አንዷ ዘፋኝ በእህቷ ነው ያስጨረሰችው።» እኔም እህትየዋ ምን አለች ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ሥራው እንዳሰብኩት አልነበረም። ዝም ብሎ መዝፈን ሳይሆን ከአባቴ ጋር መተንፈስ ነው። አዝማቹ ከመግባቱ በፊት ያለው ግጥም በሱ ድምፅ ይቀራል፤ እኔ የምገባው እሱ የተነፈሰበት ቦታ ላይ፣ በሱው ትንፋሽ ነው፤ አለዚያ የተቀጠለ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ቀራጩ የአባቴን ድምፅ ከሙዚቃው ለይቶ፣ ራቁቱን፣ ማዳመጫው ውስጥ ለቀቀልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀርቤ ሰምቼው አላውቅም። ከንፈሩ ሲላቀቅ ይሰማል፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሲነካካ ይሰማል። ከተማው ቢመሽም፣ ይላል፤ እኔ አልመሽም፣ ይላል፤ «ገ» ላይ ጥርሱን ነክሶ ይገባል፤ ከዚያ ድምፁ ይታነቃል። ሳል። ዝምታ። ከዚያ ቀራጩ መቁረጥ የረሳው ይሁን ሆን ብሎ የተወው እንጃ፣ በሁለት ሙከራ መካከል አባቴ ብቻውን ሲያወራ መጣ። «ነይ እንጂ» ይላል። «አንዴ ብቻ። አንዴ ውጪልኝና ከዚያ ሂጂ፣ አልይዝሽም።» ድምፁን ነው የሚለምነው፤ ጥላው እንደምትሄድ ሴት። ሊያፍር ስለሚገባው ነገር እኔ አፈርኩ፤ አንጀቴንም በላው። እንዲህ ሊለማመጥ የሚችል ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተናገረኝም ብዬም ተናደድኩ። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ መጣብኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም አላውቅም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳሉ የአባቴ፣ ቂሙ የእኔ፣ ስርቆቱ የሁላችንም ነበር።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። «ያንተ ንጹሕ ነው» አለ ቀራጩ ከመስተዋቱ ወዲያ፤ «ትንሽ አቧራ አልብሰው።» አጎቴ አፉን ወደ ማይኩ አስጠግቶ «አንገትህን ቀና አታድርግ፤ እሱ ሲወጣ አገጩን ወደ ደረቱ ነው የሚያስገባው» አለኝ። ሊያስተምረኝ አያስፈልገውም ነበር። አባቴ ሳሎን ሲለማመድ በር ሥር ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ እንዴት እንደሚውጥ እንኳ አውቃለሁ። ኮቴን አወለቅሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አገጬን ደረቴ ውስጥ ከተትኩና በሱ ትንፋሽ ገባሁ። «ገና» ወጣ። ወጥቶም ቆመ። የቆመበት ቦታ ሰፊ ነበር፤ እንደፈለግሁ ልቆይበት እችል ነበር። ደስ አለኝ። በስንት ዓመቴ እንደዚያ ደስ እንዳለኝ አላስታውስም፤ ቢጠሩኝም አልሰማም ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ቀራጩ ማኘኩን አቁሟል። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ኪሱን ይፈትሻል፤ ሲጋራ ፍለጋ ነው ብዬ ነበር፤ መሐረብ ኖሯል።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

«ምን እንዴት ነው ይላል» አለ አጎቴ። «ድሮ የት ነበርክ?»

የት እንደነበርኩ ያውቃል። በየሰዉ ኩሽና ተንበርክኬ ፍሪጅ ስፈታ ነበር። እሱም ቢሆን ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ይችል ነበር፤ ከአባቴ ጋር መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆሞ ኖሯል፤ አልተናገረም። ይህን ልለው ፈለግሁ። ቃል ስለገባልኝ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ቀራጩ ምሳ ሳይወጣ ሲቆርጥና ሲገጥም ዋለ። መጋጠሚያውን ደጋግሞ አሰማኝ፤ አባቴ የት እንዳለቀ፣ እኔ የት እንደጀመርኩ እኔው ራሴ መለየት አቃተኝ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ የሚሆነውን አሰብኩ። አጎቴ ይነግረዋል። መጀመሪያ ይቆጣል፤ መቆጣቱ አይቀርም። ከዚያ ግን የሰማውን መልሶ አልሰማሁም ማለት አይችልም፤ ጆሮው ጆሮ ነው። ወደ እኔ ዞር ይላል። የሚለውን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቼለት ነበር።

የመጡት ፀሐይ ስትበርድ ነው። አባቴ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ እናቴ የመድኃኒት ከረጢቱን ይዛ ከኋላው ትወርዳለች። ሲያየኝ ደረጃው ላይ ቆመ። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ኤሲው አስቸግሮን ነው» አለ አጎቴ ከኔ ቀድሞ። «ቤተሰብ እያለ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል ብዬ እሱን ጠራሁት።»

«ጥሩ አደረግህ። ምድጃ ነበር እኮ ይሄ ቤት» አለ አባቴ። ከዚያ ረሳኝ። ሲሰማ አይቀመጥም፤ ሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ መዳፉን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «በል» አለው ቀራጩን። ግጥሙ በሱ ድምፅ ሄደ፤ ያረጀ ነው፣ ግን ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። አዝማቹ ገባ። እናቴ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ አወቀችኝ፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። «ገና» ሲወጣ የአባቴ ቅንድብ ተነሣ። አወቀው አልኩ። እጁን አንሥቶ ቀራጩን አስቆመው።

«የመቼው ነው ይሄ?»

ቀራጩ የሚያይ መስሎ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። «የ... ሐሙስ ይመስለኛል።»

«ሐሙስ» አለ አባቴ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ሲሰማ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አውቄዋለሁ። ሐሙስ ዕለት አንዴ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ከፈት ሲልልኝ ተሰምቶኛል» አለ ደረቱን እየነካ። «ቤት ገብቼ እንኳ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ወጣች አላልኩሽም?»

እናቴ መነጽሯን አደረገች። «ብለኸኛል» አለች።

ሐሙስ ማታ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ በስልክ ነግራኛለች። እራት አልበላም ብሎ፣ ግድግዳ እያየ፣ አለቀልኝ ነው ያለው። አሁን ግን እንባው በጉንጩ እየወረደ «አለቀለት ብለውኝ ነበር እኮ» ይላል፤ «አላለቀልኝም። ሰማችሁ? አላለቀልኝም።» የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። በእውነት የራሱ ድምፅ መስሎታል። የሐሙሱን ትዝታ እዚያው እፊታችን ሠርቶ፣ አምኖበት፣ ተደግፎት ተቀመጠ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማኝማ» አለው። «አንድ የምነግርህ ነገር አለ።» ይህን ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ፤ ቃሉን ሊጠብቅ ነው፣ ግን ከእኔ ፈቃድ ይፈልጋል። ከጠዋት ጀምሮ፣ እንዲያውም ከአስራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የጠበቅሁት እሱ ነበር። አባቴን አየሁት። ማዳመጫው ውስጥ ሲለማመጥ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። አሁን ቢነገረው ያቺ የለመናት አልመጣችም ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላም አትመጣም ማለት ነው። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አይሆንም አልኩት አጎቴን በዓይኔ።

«ምንድነው?» አለ አባቴ።

«ጊታሬን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ልልህ ነው» አለ አጎቴ።

አባቴ ሳቀ። እንባውንም ሳቁንም በአንድ መሐረብ ጠረገ። «ይሄ ሰውዬ ሲቀብሩኝም ጊታሬን ከፍ አድርጉት ነው የሚለው» አለ። እናቴም ሳቀች፤ ቀራጩም ሳቀ። ክፍሉ ውስጥ ቀለል ያለ ነገር ገባ። ለቤተሰቤ መልካም ሥራ ሠራሁ ብዬ ነበር፤ ለአንድ አፍታ ያህል ይበቃኛል ብዬ እንኳ አምኛለሁ።

ከዚያ አባቴ ጠራኝ። «አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ። አጠገቤ ቁም። አንተም ስማው።» ቀረብሁ። እጁን አንገቴ ላይ አሳረፈ፤ ልጅ ሆኜ መንገድ ሲያሻግረኝ እንደሚይዘኝ አድርጎ ያዘኝ። መዳፉ ይሞቃል። «ያን ጊዜ ክፉ አባት መስዬሃለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ እንደዚያ ለስልሶ ሲያናግረኝ አላውቅም። «አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለህ ነው። ዝም የምለው የማላውቅ ሆኜ እንዳይመስልህ። ያን የተናገርኩህ ባልተሰጠህ ነገር እንዳትቸገር ብዬ ነው። ዛሬ በጆሮህ ትፈርደዋለህ። በል፣ ክፈተው።»

ቀራጩ ወደ እኔ ሳያይ ከፈተው። ግጥሙ አለፈ። ከተማው ቢመሽም፣ አለ ስፒከሩ። የአባቴ ከንፈር ያለ ድምፅ ይከተላል፤ ከሱ የተዋስኩትን ትንፋሽ መልሶ ከኔ ጋር ይተነፍሳል። እኔ አልመሽም፣ አለ። አባቴ አንገቴን ጫን አደረገኝ።

«አሁን ስማ። እዚህች ጋ ነው የተሰነጠቅኸው። ያዝ፣ ያዝ... ይኸው! አየህ እንዴት እንደሚቆም? ይሄ በልምምድ አይመጣም ልጄ። ወይ ይሰጥሃል፣ ወይ አይሰጥህም። አንተ አልተሰጠህም፤ ጥፋትህ አይደለም።»

ድምፄ ከላያችን ቆሟል። ሳይሰነጠቅ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ክፍሉን ሞልቶ ቆሟል። አጎቴ ወደ ደረጃው ወጣ። እናቴ የመድኃኒቱን ከረጢት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ገባህ አይደል?» አለኝ አባቴ።

«ገባኝ፣ አባዬ» አልኩት።

«ጎሽ» አለና፣ እጁን ከአንገቴ ሳያነሣ፣ ቀራጩን እንዲደግመው ነገረው።